የመርከቧ ገመዶች

ባሏ የባሕር ኃይል ጡረተኛ ነው። ከምጽዋ ሲመለስ አንዲት የጥንት የጦር መርከብ ሞዴል ይዞ መጣ፤ ከነሸራዋ ከነመድፏ ክንድ የማትሞላ ነገር። ይኸው ሠላሳ ዓመት በመስታወት ሣጥን አስቀምጦ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አቧራዋን በላባ ያራግፍላታል። ሌላ ሰው አያስነካም።

"እኔን እንዲህ ነክቶኝ አያውቅም" ትላለች ሚስቱ ለጎረቤቶቿ፣ ቀልድ አስመስላ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት የዕድር ጥሩምባ ሲነፋ፣ ሣጥኑን ሳይዘጋ ወጣ። ሚስቱ ተጠጋች። ከአንዱ ምሰሶ ላይ ገመድ ተፈትቶ ተንጠልጥሏል። ሳብ ስታደርገው ተከትሏት መጣ። መስኮት ላይ ወስዳ ብታየው ክር አይደለም፤ የተገመደ የሴት ፀጉር ነው፣ ጥቁር ረጅም ፀጉር። ተመልሳ ሌሎቹን ገመዶች አየች። ሁሉም እንደዚያው ናቸው። እጇን በሻሿ ሥር ሰድዳ አጭር ሽበቷን ዳሰሰች።

ሲመለስ በር ላይ ጠበቀችው።

"የማን ፀጉር ነው?"

እጇ ላይ ያለውን ገመድ አየ።

"የምጽዋዋ ነው? ይህን ሁሉ ዘመን ጣውንቴን በመስታወት አድርገህ ሳሎኔ ውስጥ አኖርክብኝ። እኔም ለእንግዳ ሁሉ ሳሳያት ኖርኩ።"

ባርኔጣውን አውልቆ ተቀመጠ።

"የድሮው ገመዷ ክር ነበር፤ በሰበሰ" አለ። "ልጃችን ግርማቸው ያረፈ ጊዜ ደጅ ቁጭ ብለሽ ተላጨሽ። ከዚያ ወዲህ አላሳደግሽውም። ነፋስ ግቢ ለግቢ ሲበትነው አላስችል አለኝና ለቀምኩት።"

ገመዱን ከእጇ ተቀብሎ ሊያስረው ሞከረ። ጣቶቹ እምቢ አሉት።

ምሰሶውን ያዘችለት።