የአማቴ ባክቴሪያ

የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ክኒን መዋጥ ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ክኒኑ የአንጀትን ባክቴሪያ ስለሚያዛባ፣ በኛ ዘመን ለረጅም ጊዜ የሚወስደው ሰው ከጤነኛ ዘመድ ተወስዶ የተራባ የአንጀት ባክቴሪያ ጠዋት ጠዋት በእርጎ ይወስዳል። ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ተመርምሮ ከኔ ሆድ ጋር የተስማማው የማን ሆኖ ተገኘ? የአማቴ!

ከእትዬ ዘነበች ጋር ሃያ ዓመት በወጥ ስንነታረክ ነው የኖርነው። እሳቸው ኮረሪማ ያልገባበትን ወጥ፣ ወጥ አይሉትም፤ እኔ ሽታውንም አልወድም። ሐኪሙ "ባክቴሪያው የባለቤቱን አምሮት ይዞ ይመጣል" ሲለኝ ስቄበት ነበር።

ሆዴ ግን ዳነ። መነፋቱ ቀረልኝ፤ እግዜር ይስጣቸው።

እሁድ ምሳ ላይ እትዬ ዘነበች የሠራሁትን ምስር ወጥ ቀመሱና ቀና አሉ።

"ዛሬ ገና ወጥ ሠራሽ፣ ልጄ!"

ደስታዬን ምን ልበላችሁ! ሃያ ዓመት የጠበቅኳት ቃል ናት። ደግሜ ጨለፍኩላቸው።

ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት የመጣችው ልጄ ሶልያና ግን አንዴ ጎርሳ እጇን ሰበሰበች።

"ምነው፣ አልጣፈጠሽም?"

"ይጣፍጣል እማዬ። ግን የአያቴ ወጥ ነው። እኔ ያንቺ ነበር የናፈቀኝ።"

ተነስቼ ትንሿን ድስት ጣድኩ። በድሮው አሠራሬ፣ ኮረሪማውን ሳልነካ ሠራሁላት። ስቀምሰው ውሃ ውሃ አለኝ። ይጣፍጥ አይጣፍጥ ማወቅ አቃተኝ።

"እስቲ አንቺ ቅመሺልኝ" ብዬ ማንኪያውን ሰጠኋት።

ቀመሰችና ዓይኗን ጨፈነች።

"እሱ ነው" አለች።