የኮፈኑ ቀዳዳ

ቱርቦ የተገጠመለት ሞተር ትኩስ አየር ሲስብ ይደክማል። ይህን ካወቅሁ ወዲህ እኔም መኪናዬም አርፈን አናውቅም። መሐንዲስ ነኝ አልልም፤ ሰው እንዲለኝ ግን እፈልጋለሁ። ስለዚህ ኮፈኑን በስቼ ቀዝቃዛ ንፋስ ለሞተሩ የሚያስገባ ቱቦ ገጠምኩ። ሚስቴ አይታ «መኪናችን አፍንጫ አወጣች» አለች።

አማቴን እትዬ ደብሪቱን ከሸዋ ሮቢት የማመጣቸው እኔ ነኝ ብዬ ድርቅ አልኩ። ልጃቸውን ካገባሁ ጀምሮ «ሰውዬው» ነው የሚሉኝ። የጣርማ በርን ዳገት ሽቅብ ስበርር ሲያዩ ሰው እሆናለሁ ብዬ ነበር።

እሳቸውን አሳፍሬ ስመለስ ዳገቱ ላይ መኪናዋ ታቃስት ጀመር። ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ አለፈን፣ ቀጥሎ ሲሚንቶ የጫነ ተሳቢ። ነዳጁን ረገምኩ፣ ዳገቱን ረገምኩ፤ የገዛ እጄን ሥራ ግን አልጠረጠርኩም። በመጨረሻ ጥግ ይዤ ኮፈኑን ከፈትኩ። ቱቦው ውስጥ ነጠላ ተወትፏል።

«እኔ ነኝ» አሉ አማቴ በመስኮት። «አንተ ሻንጣ ስትጭን ቀዳዳውን አይቼ ደፈንኩት። ንፋሱ ቀጥታ ወዳንተ ነው እኮ። ብርድ እንዳይመታህ ብዬ ነው፣ ልጄ።»

«ሰውዬው» አላሉኝም። ነጠላውን መልሼ ወተፍኩትና በአንደኛ ማርሽ እያቃሰትን ወጣን።