አልጋነሽ የተባለችው አውሬ

ተመራማሪዋ ምንትዋብ በደቡብ ዋልታ በረዶ መሃል፣ ዘሩ ከጠፋ ሚሊዮን ዓመታት ያለፉትን የባሕር አውሬ ቅሪተ አካል ስታገኝ ቀድማ ያሰበችው አማቷን ነበር። ወይዘሮ አልጋነሽ ከሠርጉ ቀን ጀምሮ በሰው ፊት «ድንጋይ ለቃሚዋ» እያሉ ሲጠሯት ኖረዋል። አሁን ለአውሬው ስም የማውጣቱ ዕድል የእሷ ነው፤ አውሬው ደግሞ አንገቱ እንደ ዘንዶ የረዘመ፣ ጥርሱ ከአፉ የተረፈ ፉንጋ ነው። ሳታቅማማ «አልጋነሽ» አለችው።

ባሏ በስልክ ለመናት። «ኧረ በፈጠረሽ! እናቴ ከሰማች አለቀልን!»

«ክብር እኮ ነው» አለችው ሳቋን አፍና።

ዜናው ደብረ ብርሃን ሲደርስ ወይዘሮ አልጋነሽ ራሳቸው ደወሉ። ምንትዋብ ስልኩን እየፈራች አነሳችው።

«ልጄ፣ የአውሬውን ሥዕል ጎረቤቶቼ አሳዩኝ» አሉ አማቷ፣ እንደ ማር በጣፈጠ ድምፅ። «የወለድኳቸው እንኳ አንድ የልጅ ልጅ በስሜ አልጠሩልኝም። አንቺ ግን ስሜን ለዓለም አስጠራሽው።»

ምንትዋብ በሐፍረት አንገቷን ደፋች። «እማማ፣ እኔ እኮ...»

«ተይ፣ ውለታ በውለታ ነው። እኔም ትናንት ከገበያ አንዲት አህያ ገዝቼ ምንትዋብ ብያታለሁ። ትራገጣለች እንጂ መልኳስ ሸጋ ነው።»