የሐሙስ ፀጉር

ሰዓት ሠሪው በስድሳ ሁለት ዓመቱ ፀጉሩን አጠቆረ።

ማጥቆር ሲባል እንደው ዝም ብሎ ማጥቆር አይደለም። ዝንብ ቢያርፍበት ዝንቡ ራሱ የሚጠፋበት ዓይነት ጥቁረት ነው። ሁለቱ ጆሮዎቹም ቀለሙ ደርሷቸዋል።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ሲገባ ስፒል በከንፈሯ ይዛ ነበር፤ ልትውጠው ምንም አልቀራት።

«ምንድን ነው ጭንቅላትህ ላይ ያለው?»

«ፀጉር ነዋ!» አለና ወደ ጓዳ ገባ።

ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ሱቁን በዘጠኝ ሰዓት መዝጋት ጀመረ። ፂሙን ሙልጭ አድርጎ ይላጫል። በጉብዝናው ጊዜ ይለብሰው የነበረውን ባለ መስመር ሸሚዝ ከሻንጣ ሥር አውጥቶ፣ ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ፣ ትንፋሹን ይዞ ይቆልፋል። አንድ ቀን ረስቶ ቢተነፍስ ቁልፏ ተፈናጥራ ሄዳ የስፌት መኪናውን መታችው። ሚስቱ እየተራገመች መልሳ ተከለችለት።

መስታወት ፊት ወገቡን ቀጥ አድርጎ መራመድም ይለማመዳል።

«ወዴት ነው?»

«ጉዳይ አለኝ።»

ኪሱን ፈተሸች። የብስኩት ፍርፋሪ አገኘች። ስልክ ሲያወራ ጆሮዋን በሩ ላይ ለጠፈች። የሴት ድምፅ፣ «ቶሎ ይምጡ እንጂ፤ ከጠዋት ጀምሮ በናፍቆት እየተጠበቁ ነው» ይላል።

«አቃጣሪም ቀጥራለች!» ብላ ደረቷን መታች።

ለማን ትክሰስ? አማቷ ጋ እንዳትሄድ፣ ከተኳረፉ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ አሁን የት እንደሚኖሩም አታውቅ፤ ስማቸውም በዚያ ቤት አይነሳ። የቀረቻት ላውንደሪ ቤት የምትሠራው ታናሽ እህቷ ናት።

«እትዬ፣ እኔ እጅ ገብቶ ያልለቀቀ ነገር አለ?» አለች እህት። «ግራሶ በይው፣ እስክሪብቶ በይው። ራስ ነው ብለሽ አትፍሪ፤ የሸሚዝ አንገትጌ ነው ብለሽ ቁጠሪው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሽበቱ ወጣ! ሽበቱን ስታይ ልጅቷ ራሷ ታባርርልሻለች።»

በመጀመሪያው ሳምንት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ሻምፖው ውስጥ ደባለቀችለት። ጥቁሩ ትንሽ ገርጣ አለ። እሮብ ሲደርስ ሰውየው እንደገና ተቀባና እንደ አዲስ ጫማ አብለጨለጨው።

በሁለተኛው ሎሚ ጨመረችበት። ዓይኑ ውስጥ ገብቶ እያለቀሰ ወጣ፤ ፀጉሩ ግን ንቅንቅ አላለም። እሮብ ደግሞ ተቀባ።

በሦስተኛው ቤኪንግ ሶዳና አቼቶ አንድ ጠርሙስ ውስጥ አድርጋ፣ በደንብ በጥብጣ፣ ክዳኑን ጥርቅም አድርጋ አስቀመጠችው። ጠርሙሱ ግን ለመጠበቅ ትዕግሥት አልነበረውም። ክዳኑ ጣሪያውን ነድሎ ሊወጣ ምንም አልቀረው፤ አረፋው ከመታጠቢያ ቤት ወጥቶ ሳሎን ድረስ በእግሩ መጣ። ጎረቤት «ምን ፈነዳ?» ብሎ አጥር ላይ ተንጠለጠለ።

«ትዳሬ ነዋ!» ብላ በሩን በጎረቤቱ ላይ ዘጋች።

ሁለት ወር ሙሉ እሷ ታስለቅቃለች፣ እሱ ይቀባል። ቆሽቷ አረረ። ስትሰፋ እጅጌውን ከኪስ ጋር ትገጥማለች፤ አንዷ ደንበኛ ቀሚሷ አንገት የለውም ብላ መለሰችው።

«ሠላሳ አራት ዓመት አብሬው ኖሬ በአንድ ቱቦ ቀለም ልሸነፍ?» አለች ለእህቷ፤ ይህን ጊዜ እንባዋ የምር ነበር።

እህት የመጨረሻውን ነገረቻት። አንድ ብልቃጥ ቫይታሚን ሲ ኪኒን ተወቅጦ፣ በፎረፎር ሻምፖ ተለውሶ፣ በፌስታል ተሸፍኖ አንድ ሰዓት። «ደግሞ ሐሙስ ቀን አድርጊው፤ መልሶ ለመቀባት ጊዜ አይኑረው።»

ሐሙስ ምሳ እንደበሉ ባሏን ጠራችው።

«ፎረፎር ጨርሶሃል። ና ልጠብህ።»

ሰውየው አያት። ራሱን ያጠበችው በተጋቡ ዓመት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ነክታውም አታውቅ። አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰጣት። ፌስታሉን አስራለት ሲቀመጥ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «እጅሽ ይባረክ» አለ። ልቧ ትንሽ ወለም አለ። ብስኩቱን አስታወሰችና መልሳ ቀጥ አደረገችው።

ሲታጠብ ውሃው ቀለም ሆኖ ወረደ። ጭንቅላቱ ግማሹ ዝገት፣ ግማሹ አመድ፣ መሐሉ ላይ ድመት የተኛችበት ምንጣፍ መሰለ። ከሥሩ ሽበቱ ፍንትው ብሏል።

ሰዓት ሠሪው መስታወቱን አየ። ይጮሃል ብላ ስትጠብቅ መታጠቢያው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ።

«ዛሬ እኮ ሐሙስ ነው» አለ።

«ሐሙስ ቢሆንስ?»

ብድግ አለ። ባለ መስመሩን ሸሚዝ ለበሰ፣ ባርኔጣ አንስቶ መልሶ አስቀመጠና ወጣ።

ነጠላዋን ጎትታ ተከተለችው። የዛሬን ማየት አለባት፤ እሱ ሲባረር ቆማ መሳቅ አለባት። ሁለት አውቶቡስ ከኋላ ተደብቃ ተሳፈረች። ረግጣው የማታውቀው ግቢ ገባ። ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ በመስኮት አጮለቀች።

ባሏ አንድ አልጋ አጠገብ ተንበርክኳል። አልጋው ላይ ትራስ ተደግፈው የተቀመጡት አማቷ ናቸው።

አሮጊቷ እጃቸውን ከእጁ ውስጥ መንጭቀው ወደ አስታማሚያቸው ዞሩ።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ ሽማግሌ ምን ፈልጎ ነው የሚነካካኝ? ሐሙስ ሐሙስ የሚመጣው ልጄስ ዛሬ ምነው ቀረብኝ?»