መጅ ላይ የተገኘችው ቀንድ አውጣ

ባሕሩ የአፋርን ዝቅተኛ ምድር ከዋጠ ወዲህ፣ ወደ ሰመጡት ሰፈሮች መጥለቅ የሚፈቀደው ለባሕር ቀንድ አውጣ ፈላጊዎች ማኅበር አባላት ብቻ ነበር። ሞሚና የእናቷን ቤት ዳግም ለማየት ስትል ማኅበሩ ውስጥ ገባች። ጣት የማታክል፣ ቅርፊት እንኳ የሌላት ፍጥረት ባዩ ቁጥር ሙሽራ የመጣች ይመስል እልል የሚሉትን የማኅበሩን የከተማ ጌቶች ከልቧ ትንቃቸው ነበር። ቢሆንም የየዝርያውን ስም ጥርሷን ነክሳ አጠናች።

አንድ ቀን ተራው የእሷ ሰፈር ሆነ። የማኅበሩ መሪ አቶ ልዑልሰገድ የገዛ ቤታቸው ይመስል በእናቷ ማድቤት በር ዘልቀው ገቡ።

«ኑ፣ ኑ! ባለ ወርቅማ ቀንዷ ናት!» ድምፃቸው በጭምብሏ መነጋገሪያ አስተጋባ። «ምን ዓይነት ድንጋይ ላይ ነው የተቀመጠችው?»

«የእናቴ መጅ ነው» አለች ሞሚና።

«ድንቅ ነው! ፎቶው ላይ እንጽፈዋለን። ብቻ እንዳትነኪው!»

ሞሚና ትክ ብላ አየቻቸው። በዚያ ቤት ማን ይኖር እንደነበር አንድም ቀን ጠይቀው አያውቁም። ቀንድ አውጣዋን በጣቷ ቀስ አድርጋ አንስታ ግድግዳው ላይ አስቀመጠቻትና መጁን አቅፋ ወደ ላይ ዋኘች።

«ሁለተኛ እዚህ ባሕር አትገቢም!» ብለው አቶ ልዑልሰገድ ጀልባው ላይ ጮኹባት።

«ለእናንተ ትል ብዬ የመጣሁ መሰላችሁ?» አለቻቸው።

ከባሕሩ ሸሽታ የተረፈችው እናቷ መጁን በሁለት እጇ ተቀበለች። ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ማሽላ ዘርግታ ፈጨችና ዱቄቱን ቀመሰች።

«ጨው ጨው ይላል» አለች ፊቷን አጨማዳ፤ መፍጨቷን ግን አልተወችም።