ለግራዝማች የሚሆን ብርጭቆ

ኮልፌ ገበያ አጠገብ የአናጢ ሱቅ ያለው ጉልላት ጴንጤ መሆኑን የሚያውቁት በልብስ ሰፊው በደሜ ጓሮ ተደብቀው አብረውት የሚጸልዩት ሰዎችና ሚስቱ በላይነሽ ብቻ ነበሩ። የሚጸልዩት ደስ ብሏቸዋል። የበላይነሽ ንዴት ግን እስከ ዛሬ አልበረደም።

መናደዷም አይፈረድባትም። በዚያ በ1965 ዓ.ም. ጴንጤ የተባለ ሰው ልጁን መዳር ቀርቶ ቤቱ ማደሩም አያስተማምንም ነበር። ጉልላት ደግሞ የሚድራት ልጅ አለችው። ብርቱካን የግራዝማች ይገዙን ልጅ አምሐን ወዳ፣ ሽማግሌ ተልኮ፣ እሺ ተብሏል። የቀረው ግራዝማች ራሳቸው መጥተው ቤቱን ማየታቸው ነው። ቅዳሜ ለምሳ እንደሚመጡ ተነገረ።

ግራዝማች ይገዙ በቀራንዮ ሰፈር የታወቁት በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ለሃይማኖታቸው ያላቸው ቅናት ነው፤ ለደብሩ ትልቁን ጃንጥላ የሰጡት እሳቸው ናቸው። ሁለተኛው ውስኪ ነው። ለሥራ ወደ አዋሳ ከመዛወራቸው በፊት አንድ ጠርሙስ ብቻቸውን ጨርሰው፣ ቀጥ ብለው ሲሄዱ ያየ ሰው ሞልቷል። ወደ አዲስ አበባ የተመለሱት ገና በዚህ ክረምት ነው።

በላይነሽ ፒያሳ ድረስ ሄዳ ውስኪ ገዝታ መጣች። ጉልላት አምቦ ውሃ አይበቃም ወይ ቢላት በዓይኗ ቆረጠመችው።

«ግራዝማችን በአምቦ ውሃ? ልጄን ቆሞ ቀር ልታደርጋት ነው?»

ጉልላትን የጨነቀው ውስኪውን ማቅረቡ አልነበረም። በወጉ መሠረት ለእንግዳ የሚቀርበውን መጠጥ አስቀድሞ የሚቀምሰው ባለቤቱ ነው። እሱ ሳይቀምስ እንግዳው አይነካም፤ ምን ጨምሮበት ይሆን ያሰኛል። ጉልላት ደግሞ መጠጥ ከንፈሬን አይነካም ብሎ ለጌታ ቃል ገብቷል።

ሲያወጣ ሲያወርድ ሰንብቶ በመጨረሻ አንድ ብልሃት መጣለት። ውስኪ የሚያውቅ ሰው ብርጭቆ ያማርጣል ሲባል ሰምቷል። እንግዲያው የማይሆን ብርጭቆ እያቀረቡ ቀኑን ማስመሸት ነው።

ቅዳሜ ግራዝማች ጋቢያቸውን ደርበው ብቻቸውን መጡ። ምሳ ተበላ። ከዚያ በላይነሽ ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጥ፣ ግራዝማች ትክ ብለው አዩት። ጉልላት ደረጃውን እየመዘኑ ነው ብሎ አሰበና ፈጠን ብሎ ሁለት ብርሌ አመጣ።

ግራዝማች ብርሌውን በሁለት ጣት ያዙት። «ውስኪ እኮ በብርሌ አይሆንም። አንገቱ ጠባብ ነው፤ ሽታውን አፍኖ ያስቀረዋል።»

ጉልላት ስለ ድፍረቱ ይቅርታ ጠይቆ፣ በልቡ ጌታን አመስግኖ፣ የአረቄ መለኪያ ይዞ ተመለሰ። ግራዝማች ይህማ ለአረቄ ነው፣ ውስኪን አንዴ ግጥም አድርገው አይገላገሉትም አሉ። የሻይ ብርጭቆ መጣ። አሸተቱትና ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይላል ብለው መለሱት። ጉልላት ጉልበታቸውን ሊስም ምንም አልቀረውም። እንዲህ ያለ መራጭ እንግዳ ስለላከለት አምላኩን እያመሰገነ፣ በቤቱ የሚመጥን ብርጭቆ የለምና ውስኪው ለሠርጉ ቀን ቢቆይስ የሚል ሐሳብ አቀረበ።

«ይቆየን፣ ይቆየን» አሉ ግራዝማች ወዲያው።

በላይነሽ ግን ነጠላዋን አጥብቃ ወጣች። ወይዘሮ ሸዋረጋ ቡና ቤት የጠፋ ብርጭቆ የትም አይገኝም ብላ ነበር የሄደችው።

ሁለቱ ብቻቸውን ሲቀሩ ግራዝማች ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። በዚህ ሰፈር ጴንጤዎች በድብቅ ይሰበሰባሉ ይባላል፣ እውነት ነው ወይ ብለው ጠየቁ። ግቢው የማን እንደሆነ፣ ቀኑ መቼ እንደሆነ ማወቅ ፈለጉ። ጉልላት የመጋዝ ጩኸት ጆሮውን ስለደፈነው ጎረቤት ቢያለቅስም እንደማይሰማ ተናገረ።

«ቢሰሙ ለእኔ ይንገሩኝ» አሉ ግራዝማች። «ለሌላ ሰው እንዳይናገሩ። ለእኔ ብቻ።»

አሁን ለጉልላት ሁሉም ነገር ተገለጠለት። ሰውዬው የመጡት ሊሰልሉት ነው። ብርጭቆውን የሚያማርጡትም እንዲህ ሲያቁነጠንጡት ቆይተው፣ በመጨረሻ ይቀምስ እንደሆነና እንዳልሆነ ሊያዩ ነው። ካልቀመሰ ሠርጉ ቀርቶ እሱም ነገ ፖሊስ ጣቢያ ነው። ብርቱካንስ ይህን ስትሰማ ምን ትሆናለች?

በላይነሽ በድል ተመለሰች። ሁለት ብርጭቆ ይዛለች፤ አጠር ያሉ፣ አፋቸው ሰፊ፣ ወፍራም ቂጥ ያላቸው፣ ጥርት ያሉ። በሁለቱም ቀዳች። ግራዝማች የደረሳቸውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስተው ስንጥቅ ፈለጉ። በጥፍራቸው መታ መታ አደረጉት። አሸተቱት። ምንም እንከን አልተገኘበትም።

«ይሄስ ልኩ ነው» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ደከም ብሎ ነበር።

በላይነሽ እጇን አጣጥፋ ቆመች። «ቅመስ እንጂ ጉልላት። ግራዝማች እኮ አንተን እየጠበቁ ነው።»

ጉልላት ብርጭቆውን አነሳ። ቃሉን ይጠብቅ ወይስ ልጁን ይዳር? ዓይኑን ጨፈነና ጌታ ሆይ፣ ስለ ብርቱካን ብለህ ይቅር በለኝ አለ በልቡ። ብርጭቆው ከንፈሩ ላይ ሊደርስ ሲል ከፊት ለፊቱ ማነብነብ ሰማና ዓይኑን ገለጠ።

ግራዝማች ይገዙ ብርጭቆውን በግራ እጃቸው እንደያዙ፣ ቀኝ እጃቸውን ወደ ኮርኒሱ ዘርግተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው በልሳን ይጸልዩ ነበር።