የት ደረስክ?

ይኸኛውም ሾፌር ከባድ መኪናዋን ሚሌ አቁሞ፣ ቁልፉን ለምግብ ቤት አስተናጋጅ ሰጥቶ ጠፋ። ባለንብረቱ በግነው፣ “የዘንድሮ ሾፌር ምቾት ገድሎታል፤ ከእንግዲህ እኔው እነዳታለሁ” አሉ። መኪናዋን አስመልሰው፣ የቢሮውን ስልክ ለሚስታቸው አስረክበው የጂቡቲን መንገድ ተያያዙት።

ሞጆ ሳይደርሱ ሚስታቸው ደወለች።

“የት ደረስክ?”

አዳማ ላይም ደወለች። መተሃራ ላይ ሽንታቸውን ሊሸኑ ወረድ ሲሉ፣ “ጂፒኤሱ ቆመሃል ይላል፤ ምን ሆነህ ነው?” አለች። አዋሽ ላይ ምሳቸውን ገና ሲጀምሩ፣ “እየጎረስክ ንዳ እንጂ። አንተስ ሾፌሮቹን እንደዚህ አይደል የምትላቸው?” አለቻቸው።

ሚሌ ሲደርሱ መኪናዋን እዚያው ምግብ ቤት በር ላይ አቆሙ። ቁልፉን ለአስተናጋጇ ሰጧትና፣ “ባለንብረቱ ሲመጣ ስጪልኝ” ብለው ወደ አዲስ አበባ በሚመለስ አውቶቡስ ተሳፈሩ።